ከዲናሞ ላይ ሽቦ መፍታት

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ደብዛዛ መብራት ነው። ምሽት ላይ የፊት መብራቶችን አብርቼ ስነዳ፣ በዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምስል ያለባት ቀይ መብራት ሙሉ በሙሉ ሳትበራ፣ ሙሉ በሙሉም ሳትጠፋ፣ አመድ እንደለበሰ ፍም ቀላ ብላ ትታየኝ ጀመር። ቀን ቀን አትታይም፤ ወይም ትኖራለች፣ ግን የፀሐዩ ብርሃን ይውጣታል። የንፋስ ማሞቂያውን ስጨምርበት ትንሽ ትደምቃለች፣ ስቀንስ መልሳ ትደበዝዛለች። በማግስቱ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ በቴስተር ስለካ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የባትሪው ቮልት 12.3 ነበር፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ 12.4 ብቻ ሆነ። በደንብ የተሞላ ባትሪ አርፎ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ ሊያሳይ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ሊገኝ ስለሚገባው፣ ባትሪው እየተሞላ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር። እኔም ብዙ ሳላመነታ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሞቷል ብዬ ፈረድኩ፤ ፈትቼ ላወርደውም ወሰንኩ። ፍርዱ የተሳሳተ ነበር። መሳሳቴን ያወቅኩት ሽቦዎቹን መፍታት ስጀምር ስለሆነ፣ ይህን ጽሑፍ ስለ ሽቦዎቹ ብቻ አደርገዋለሁ። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ ማላላትና ማሰሪያ ቡሎኖቹን መፍታት ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ከጉልበትና ከትዕግሥት በስተቀርም ብዙ የሚጠይቀው የለም። ሽቦው ላይ ግን አንዲት የተሳሳተች ቅደም ተከተል ብቻ ሰውንም መኪናንም ልትጎዳ ትችላለች።

በጽሑፉ ሁሉ ዲናሞ የምለው አልተርኔተሩን ነው። በትክክል ከተነገረ ዲናሞ የቀድሞው፣ ቀጥታ ኮረንቲ የሚያመነጨው ዕቃ ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ክራይስለር ቫሊያንት በተባለው ሞዴሉ ላይ አልተርኔተርን መደበኛ ዕቃ አድርጎ ካቀረበ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ሌሎቹም አምራቾች እየተከተሉት አሮጌው ዕቃ ከመኪና ላይ ጠፋ። ስሙ ግን በመካኒኮች አፍ ላይ ቀረ። እኔም አልተርኔተር እያልኩ ብጽፍ ስለ ሌላ ሰው መኪና የማወራ ስለሚመስለኝ ዲናሞ እላለሁ።

በዲናሞው ጀርባ ላይ ሁለት ዓይነት ሽቦ ይገኛል። አንደኛው እንደ እስክሪብቶ የወፈረው ገመድ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ያለው የመዳብ ቀለበት ቢ ፕላስ በሚባለው ባለጥርስ ዘንግ ላይ ገብቶ በዳዶ ይታሰራል፤ ላዩን ደግሞ የጎማ ቆብ ይሸፍነዋል። በውስጥ የሚሽከረከረው ኤሌክትሮማግኔት በዙሪያው ባሉት የመዳብ ጥቅሎች ውስጥ የሚፈጥረው ተለዋዋጭ ኮረንቲ፣ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ቢያንስ 6 ዳዮዶች በኩል አልፎ ቀጥታ ኮረንቲ ከሆነ በኋላ የሚወጣው በዚህ ወፍራም ገመድ ነው። በተራ የቤት መኪና ላይ ያለ ዲናሞ እንደ ዓይነቱ ከ70 እስከ 150 አምፔር ማመንጨት ስለሚችል ገመዱ መወፈሩ አያስገርምም። ሁለተኛው ዓይነት በአንድ የፕላስቲክ ሶኬት ውስጥ የተሰበሰቡት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፤ ብዛታቸውና ሥራቸው እንደ መኪናው ይለያያል። አንዱ ወደ ዳሽቦርዷ ቀይ መብራት ይሄዳል፣ ሌላው የባትሪውን ቮልት ዲናሞው የሚያመነጨውን ልክ ለሚይዘው ተቆጣጣሪ ያቀብላል፣ ሌላው ቁልፉ ሲከፈት ኮረንቲ ያመጣል፤ በአዳዲሶቹ መኪናዎች ደግሞ አንዲት ሽቦ ብቻ ሆና ከሞተሩ ኮምፒውተር ትእዛዝ የምታመጣበት አለ። በእኔ አሮጌ ናፍጣ መኪና ላይ ሶኬቱ የሚይዘው ሁለት ሽቦ ነው፤ አንዱ የቀይዋ መብራት፣ ሌላው የሞተሩን ዙር ለሚያሳየው ሰዓት ምልክት የሚልክ።

ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው፣ ወፍራሙ ገመድ ከባትሪው ፖዚቲቭ ጋር ያለ ማብሪያ ማጥፊያ የተገናኘ መሆኑ ነው። በመካከል የሚገኘው ቢበዛ አንድ ትልቅ ፊውዝ ወይም ሲግል የሚቀልጥ የፊውዝ ሽቦ ነው። የመኪናው ቁልፍ በዚህ መንገድ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ በሮቹ ይቆለፉ፣ በዲናሞው ጀርባ ላይ ያለችው ያቺ ዳዶ ሌሊቱን ሙሉ የባትሪውን 12 ቮልት ተሸክማ ታድራለች።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት በሌላ መኪና ላይ፣ ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ስለከተትኩ ብቻ ሁሉ ነገር የጠፋ መስሎኝ፣ የ12 ቁጥር መፍቻ ቢ ፕላሱ ዳዶ ላይ አስገብቼ ዞር አደረግኩት። ሩብ ዙር ሳልሄድ የመፍቻው ሌላኛው ጫፍ የሞተሩን ብረት ነካ። ሰማያዊና ነጭ የሆነ ብልጭታ፣ እንደ ጅራፍ የሚጮኽ ድምፅ፣ ከዚያም የተቃጠለ ብረት ሽታ። መፍቻውን ወርውሬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። አጠገቤ ቆሞ ሲያይ የነበረው አጎቴ፣ እጄን አገላብጦ ደኅና መሆኔን ካረጋገጠ በኋላ፣ «ለምን ባትሪውን ሳትፈታ ነካኸው?» አለኝ። «ጋሼ፣ ቁልፉ እኮ ኪሴ ውስጥ ነው» ስለው፣ «ቁልፉ ነው እንጂ ኪስህ ውስጥ ያለው፣ ባትሪው መቼ ኪስህ ገባ?» አለ። ያ መፍቻ ዛሬም አለኝ፤ ጫፉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቦታ ቀልጣ ጎድጉዳለች፣ ዳርዳሯም ጥቁርና ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል።

ሰው 12 ቮልት ሲባል ይንቃል፤ በከፊል እውነት አለው። ደረቅ እጅ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ቢነካ ምንም አይሰማውም። አደጋው በቮልቱ ሳይሆን በአምፔሩ ነው። የመኪና ባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞ ከአንድ ኦም መቶኛ የማይበልጥ ስለሆነ፣ ብረት ሁለቱን ወገኖች በቀጥታ ሲያገናኝ የሚፈሰው ኮረንቲ ብዙ መቶ አምፔር ይደርሳል፤ ይህም ኤሌክትሪክ በያጆች ከሚሠሩበት የማያንስ ነው። በጣት ላይ ያለ ቀለበት ወይም የብረት ማሰሪያ ያለው የእጅ ሰዓት በመፍቻው ፋንታ መካከል ቢገባ፣ ቆዳ ላይ እንዳለ ሊግል ይችላል። ስለዚህ ኮፈን ከመክፈቴ በፊት ሰዓቴንና ቀለበቴን አወልቃለሁ፤ ይህ ለእኔ ከጓንትም በፊት የሚመጣ ነገር ነው።

እንግዲህ ዲናሞው ላይ ያለውን ሽቦ የመፍታት ሥራ የሚጀምረው ከዲናሞው ሳይሆን ከባትሪው ነው፤ እዚያም መጀመሪያ የሚፈታው ኔጋቲቩ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሃይማኖት ሥርዓት ይዞት ምክንያቱን ግን አይጠይቅም፤ ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው። የመኪናው አካል፣ ሞተሩ፣ የዲናሞው ሽፋን ራሱ፣ ሁሉም ማሳ ናቸው፤ ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዙ ናቸው። ኔጋቲቩን ስፈታ መፍቻዬ አጠገብ ያለ ብረት ቢነካ፣ ኔጋቲቭ ኔጋቲቭን ስለነካ ምንም አይፈጠርም። ከፖዚቲቩ ብጀምር ግን፣ ኔጋቲቩ ገና እንደታሰረ ስለሆነ፣ መፍቻው በአንድ ጫፉ ፖዚቲቩን በሌላው የመኪናውን አካል የነካ ዕለት ኮንታክት ይፈጠራል፤ ያውም ከባትሪው አጠገብ፣ ሲሞላ የሃይድሮጅን ጋዝ ሊወጣው በሚችልበት ስፍራ። ኔጋቲቩ አንዴ ከተፈታና ተመልሶ እንዳይነካ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ጎን ከተደረገ፣ ከዚያ በኋላ ፖዚቲቩም ቢ ፕላሱም የመመለሻ መንገድ የሌላቸው ስለሆኑ አያስፈሩም። ለዲናሞው ሥራ ፖዚቲቩን ከባትሪው ላይ መፍታት አስፈላጊ አይደለም፤ እኔም አልነካውም።

የትኛው የትኛው እንደሆነ በቀለም ብቻ አልተማመንም፤ ገመዱን ከዚህ በፊት የቀየረ ሰው ጥቁሩን ለፖዚቲቭ ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል። በባትሪው አካል ላይ የተቀረጸውን የመደመርና የመቀነስ ምልክት አያለሁ፤ ክብ ቆመው በሚታዩት ጫፎች ላይ ደግሞ ፖዚቲቩ ከኔጋቲቩ ጥቂት እንደሚወፍር ማወቅ ይረዳል። የማሰሪያው ዳዶ በአብዛኞቹ መኪናዎች የ10 ቁጥር ነው። ዳዶው ላልቶም ማሰሪያው አልወጣ ካለ፣ ቀስ እያሉ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ እንጂ በካቻቢቴ መፈልቀቅ አይገባም። በተለይ ኔጋቲቩ ላይ ትንሽ ሶኬት ያላት የፕላስቲክ ሣጥን የተያያዘበት አዲስ መኪና ከሆነ፣ ያቺ ሣጥን የባትሪውን ሁኔታ የምትለካ ዕቃ ናትና በጉልበት ከተፈለቀቀች ትሰበራለች።

ባትሪውን ከመፍታት በፊት የሚታሰቡ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ በፍጥነት አልፋቸዋለሁ። ሬዲዮው መክፈቻ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ኮዱ በእጅ መኖር አለበት። የኋላው ዕቃ ማስቀመጫ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ክፍቱን ይተዋል። ሞተሩ ደግሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ ዲናሞው ብዙ ጊዜ ለጭስ ማውጫው የቀረበ ስለሆነ ክንድ ይቃጠላል። ሁለት ባትሪ ያላቸው መኪናዎች አሉ፤ የአንዱን ብቻ ፈትቶ ሥራ መጀመር ምንም እንዳልፈቱ ነው። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ የሚታይበት፣ በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ ዲቃላ (ሃይብሪድ) መኪና ከሆነ ግን ጉዳዩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ በዚያ ገመድ ውስጥ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሆነ እኔ ኮፈኑን መልሼ እዘጋለሁ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ የማላልፈው አንድ ልማድ አለ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ ነቅሎ፣ መኪናው ካልጠፋ ዲናሞው ጤነኛ ነው የሚል ፍተሻ ነው። ሲሠራ ያየሁትም፣ እኔ ራሴ ቆሜ ያጨበጨብኩለትም ጊዜ ነበር። በመኪና ውስጥ ከመብራትና ከሬዲዮ በቀር ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ ባልነበረበት ዘመን ጉዳቱ ጎልቶ ላይታይ ይችል ነበር። ነገር ግን በዲናሞው ውስጥ የሚሆነውን ማሰብ ነው። ባትሪው ሲታሰር የሚተርፈውን ኮረንቲ እየዋጠ ቮልቱን ያረግበዋል። ባትሪው ኮረንቲ እየተቀበለ ሳለ በድንገት ሲነቀል፣ ዲናሞው ሲያመነጭ የነበረው ኮረንቲ መሄጃ ያጣል። ተቆጣጣሪው ይህን አይቶ ኮረንቲውን ከኤሌክትሮማግኔቱ ላይ ቢቆርጥም፣ የማግኔቱ ኃይል በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ የሰከንድ ክፍልፋይ ይወስድበታል። በዚያች ክፍልፋይ ውስጥ ቮልቱ መከላከያ በሌለው ዲናሞ ላይ ወደ 100 ሊጠጋ ይችላል። 14 ቮልት የለመዱት የሞተር ኮምፒውተር፣ ሬዲዮ፣ የዲናሞው ዳዮዶች ራሳቸው ይህን ይቀምሳሉ። በብዙ አዳዲስ ዲናሞዎች ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ከመጠን ያለፈውን ቮልት እንዲገድቡ ሆነው የተሠሩ ቢሆኑም፣ ያ መከላከያ የተቀመጠው ማሰሪያ በራሱ ጊዜ ለላላበት አጋጣሚ እንጂ ለፍተሻ ተብሎ አይደለም። የቢ ፕላሱን ገመድ ሞተሩ እየሠራ መንቀልም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም ዲናሞው ከባትሪውም ከሌላውም ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለያል።

ወደ ሥራው ልመለስ። ኔጋቲቩን ፈትቼ በጨርቅ ከጠቀለልኩ በኋላ፣ ዲናሞው ላይ ከመድረሴ በፊት ቴስተሩን አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ቢ ፕላሱ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ ሳሳርፍ ዜሮ አሳየኝ። ይህች መለኪያ ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም፤ ነገር ግን «ፈትቻለሁ» ብሎ በማመንና ፈትቶ በማየት መካከል ያለውን ልዩነት የምታሳየው እሷ ናት። ከዚያ በስልኬ አራት ፎቶ አነሳሁ፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ገመዱ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ ሶኬቱ በየት ፊቱ እንደሚገባ። ትናንሽ ዳዶዎች ላይ የሚታሰሩ ሽቦዎች ያሉት ዲናሞ ቢሆን ኖሮ፣ በየሽቦው ላይ ወረቀት ጠቅልዬ ፊደሉን እጽፍበት ነበር፤ በዲናሞው ጀርባ ላይ ከየጫፉ አጠገብ የተቀረጸ ፊደል ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

እኔ መጀመሪያ የምፈታው ሶኬቱን ነው። ቦታ ያስለቅቃል፤ ወፍራሙ ገመድም ሲጎተት ቀጫጭኖቹን እንዳይበጥስ ያደርጋል። ሶኬት ሁሉ አንድ ምላስ አለው፤ አንዳንዱ ይጫኑታል፣ አንዳንዱ በጥፍር ይነሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከምላሱ በላይ ተንሸራታች መቆለፊያ ይጨመርበታል። ዓመታት ሙሉ የሞተር ሙቀት የበላው ፕላስቲክ ድርቅ ስላለ፣ ምላሱ በትንሽ ግፊት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ለዚህ የምጠቀምባት ዘዴ ሶኬቱን ለመንቀል ከመሳብ በፊት ጥቂት ወደ ውስጥ መግፋት ናት። ምላሱ ሲቆለፍ ጥርሱ ላይ ጠብቆ ተይዞ ስለሚቆይ፣ ወደ ውስጥ ሲገፋ ጭነቱ ይቀልለታል፤ ያኔ ምላሱን ተጭኖ የሶኬቱን አካል ይዞ መሳብ ነው። ሽቦዎቹን ይዞ መሳብ ሽቦውን ከውስጥ ካለው ብረት ይነቅለዋል፣ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም። የዲናሞው ጀርባ ከእኔ ፊት ስለተሰወረ፣ አንዲት ትንሽ መስታወት አስደግፌ በባትሪ መብራት እያየሁ ነው የሠራሁት። በጣት ዳበሳ ብቻ ከሠሩ ጣት የምትገፋው ምላሱን ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም።

ሶኬቱ በሰላም ወጣ። ውስጡን ስመለከት ሁለቱ የመዳብ ምላሶች ንጹሖች ነበሩ።

ቀጥሎ ወደ ቢ ፕላሱ። የጎማውን ቆብ ገፍቼ ላነሳው ስሞክር አልታጠፍ አለኝ፤ ከጎማነት ወጥቶ እንደ ደረቅ ቆዳ ሆኗል፣ አንድ ጎኑም ተሰንጥቋል። ሳነሳው ሽታው ነገሩን ነገረኝ፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ነበር። መፍቻውን ዳዶው ላይ አስገብቼ ለመጀመሪያው ዙር እጄን አጠንክሬ ስጫን፣ ምንም ሳያስቸግር ዞረ። መፍቻውን አውጥቼ በጣቴ ሞከርኩት። በጣቴ ዞረ።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት። ዳዶውና ሮንዴላው ሲወጡ ቀለበቱ ታየኝ፤ መዳብ መሆኑ እስኪያጠራጥር ድረስ ጠቁሯል፣ ከዲናሞው ጋር የሚገናኝበት ፊቱ ላይ ደግሞ እንደ መርፌ የተወጋጉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነበሩበት። የገመዱ ሽፋን ከቀለበቱ ጀምሮ ሦስት ጣት ያህል ደርቆ፣ ስነካው እየተፈረፈረ ይወድቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ለስላሳና ጤነኛ ነበር። ሙቀቱ የመጣው ከሞተሩ ሳይሆን ከዚያች ዳዶ ነበር ማለት ነው።

ያቺ ደብዛዛ መብራት ምን ስትለኝ እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው። በእኔ መኪና ዓይነት ላይ የቀይዋ መብራት አንድ ጫፍ ከባትሪው ወገን፣ ሌላው ጫፍ ከዲናሞው ወገን የተያያዘ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ባትሪው 12 ቮልት፣ ዲናሞው ምንም ስለሌለው መብራቷ ትደምቃለች፤ በእሷ በኩል የሚያልፈውም ጥቂት ኮረንቲ የዲናሞውን ማግኔት ይቀሰቅሰዋል። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ሲያመነጭ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይሆናሉ፤ እኩል በሆኑ ቮልቶች መካከል ኮረንቲ ስለማይፈስ መብራቷ ትጠፋለች። ዲናሞው ሞቶ ቢሆን ኖሮ መብራቷ ሞተሩ እየሠራም ደምቃ መቅረት ነበረባት። የእኔዋ ግን የምትደበዝዘው፣ ዲናሞው በራሱ በኩል 14 ቮልት ከምናምን እያመነጨ ባትሪው ጋ የሚደርሰው ግን 12.4 ብቻ ስለነበረ ነው። ሁለት ቮልት የማይሞላ ልዩነት አምፖል አያበራም፣ ያቀላል እንጂ። ማሞቂያውን ስጨምር መድመቋም በላላው ዳዶ በኩል የሚያልፈው ኮረንቲ ስለሚጨምርና ልዩነቱም ስለሚሰፋ ነበር።

ሙቀቱንም በሒሳብ ማየት ይቻላል። በዚያ መጋጠሚያ ላይ 1.9 ቮልት ይቀራል እንበል፣ የሚያልፈውም ኮረንቲ 15 አምፔር ቢሆን፣ ሲባዛ 28.5 ዋት ይሆናል። ሬዲዮ ጠጋኞች ሽቦ የሚበይዱበት ትንሽ ማሞቂያ ብረት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያለ ብረት በአንዲት ዳዶ ሥር ለወራት ተሰክቶ እንደከረመ ነው።

ጥፋቴ የት ላይ እንደነበረ ግልጽ ነው። ቮልቱን የለካሁት ባትሪው ላይ ብቻ ነበር። ሞተሩ እየሠራ፣ የፊት መብራቱ እንደበራ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ቢ ፕላሱ ላይ ሌላውን የባትሪው ፖዚቲቭ ላይ አድርጌ በመካከል ያለውን ልዩነት ብለካ ኖሮ፣ ጤነኛ ገመድ ሊያሳይ ከሚገባው ከጥቂት የቮልት አስረኛዎች ይልቅ ሁለት ቮልት የሚጠጋ ነገር አይቼ፣ ምንም ሳልፈታ ጥፋቱን አገኘው ነበር። ይህ ልኬት ሞተሩ እየሠራ ስለሚደረግ የሚሽከረከረው ቺንጋና ማራገቢያ አጠገብ እጅን፣ የልብስ እጅጌንና የቴስተሩን ሽቦ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የቴስተሩም ሹል ጫፍ ቢ ፕላሱንና የዲናሞውን ሽፋን በአንድ ላይ እንዳይነካ። ደግሞም ሁሉም መኪና እንደ እኔው አይናገርም፤ መብራቷን በኮምፒውተር በሚያዙት አዳዲስ መኪናዎች ላይ እንዲህ ያለው ድብዘዛ አይጠበቅም።

ዲናሞውን ማውረዱን ተውኩት። የተቃጠለውን የገመድ ጫፍ፣ ሽፋኑ ጤነኛ ሆኖ ውስጡም የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪታይ ድረስ ቆረጥኩት፤ ገመዱ ትንሽ ትርፍ ስለነበረው አልጠበበም። ትርፍ ባይኖረው ኖሮ ሙሉ ገመዱን እቀይር ነበር እንጂ በመካከል አልቀጥልም፤ 100 አምፔር ሊያልፍበት በሚችል ገመድ ላይ ቅጥል ማለት ሌላ የላላ ዳዶ እንደመፍጠር ነው። ቀዳዳው ከቢ ፕላሱ ዘንግ ጋር ልክ የሆነ፣ ወፍራም የመዳብ ቀለበት ጫፍ አስገብቼ በመጭመቂያ ጨመቅኩት፤ ፒንሳ ለዚህ ሥራ አቅም የለውም። ላዩን በሙቀት በሚሸበሸብ የፕላስቲክ ቱቦ ሸፈንኩት። የዘንጉን ሥርና ሮንዴላውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ ዱቄቱን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ። ከሥሩ ያለችውን፣ ዘንጉን ከዲናሞው ጋር የምትይዘውን ሁለተኛ ዳዶ አልነካኋትም፤ እሷ ከተፈታች ዘንጉ ራሱ ይዞርና ውስጥ ካሉት ዳዮዶች ጋር ያለው ግንኙነት ሊበጠስ ይችላል። በዚሁ ምክንያት የላይኛውን ዳዶ ስመልስ አጭር መፍቻ ተጠቀምኩ። መላላቱን ያየ ሰው ሲያስር ከመጠን በላይ ማጥበቅ ይቃጣዋል፣ እኔንም ቃጥቶኝ ነበር፤ የዘንጉ ጥርስ ግን ቀጭን ነው፣ በመኪናው መመሪያ ላይም ዳዶው ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ተጽፎ ይገኛል።

አመላለሱ ያው የኋሊት ነው። ወፍራሙ ገመድ፣ ከዚያ ሶኬቱ ምላሱ ቀጭ ብሎ እስኪቆለፍ፣ ከዚያ ፎቶውን እያዩ ገመዱ በቀድሞ መንገዱ መሄዱንና ቺንጋውን አለመንካቱን ማረጋገጥ፣ በመጨረሻም የባትሪው ኔጋቲቭ። ኔጋቲቩ ሲነካ ትንሽ ብልጭታ ትታያለች፤ በመኪናው ውስጥ ያሉ ዕቃዎች ኮረንቲያቸውን መልሰው ሲስቡ ነው፣ አያስደነግጥም። ትልቅ ብልጭታ ከሆነ ግን አንድ ነገር በርቶ ቀርቷል ወይም አንድ ሽቦ ያለ ቦታው ነክቷል፤ ተመልሶ ማየት ያሻል።

ቁልፉን ስከፍት ቀይዋ መብራት ደምቃ በራች። ሞተሩን ሳስነሳው ጠፋች። የፊት መብራቱንና ማሞቂያውን አብርቼ፣ ኮፈኑን በግማሽ ከድኜ ጥላ እየሠራሁላት በንፋስ መከላከያው በኩል አጮልቄ ባያትም ጨልማ ቀረች። ባትሪው ላይ 14.2 ቮልት፣ ቢ ፕላሱ ላይ 14.3 ለካሁ። ሬዲዮው ሰዓቱን ረስቶ ነበር፣ የመስኮቱም አውቶማቲክ መዝጊያ እንደገና እስኪለማመድ ሁለት ጊዜ ተበሳጭቷል።

ከሳምንት በኋላ ያንኑ ልኬት ደገምኩት፤ ልዩነቱ ያው 0.1 ቮልት ነው። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ኔጋቲቩን ፈትቼ ዳዶውን በመፍቻ ስፈትሸው አልተንቀሳቀሰም። የተሰነጠቀውን የጎማ ቆብ በአዲስ ተክቼዋለሁ፤ የጠቆረችው ቀለበት ደግሞ ከዚያ ከጎደጎደው የ12 ቁጥር መፍቻ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ናት።